የጎን መንገድ ታሪክ፤ ቁስቋምና የአባይ ምንጭ ፍለጋ

ከጎንደር ከተማ መሐል ወደ ሰሜን ምዕራብ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በኮረብታ ተዳፋት ላይ የሚገኘው ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ስሙን ያገኘው ከንጉሥ ወይም ከጦር ድል አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት ድንግል ማርያም ልጇን ይዛ ከሄሮድስ ሰይፍ ስትሸሽ በግብፅ ምድር ያረፈችበት ተራራ ቁስቋም ይባላል፤ በዓሉም በየዓመቱ ኅዳር 6 ቀን ይከበራል። ስለዚህ ቁስቋም የጉዞ መነሻም መድረሻም ያልሆነ፣ በመንገድ መካከል የተገኘ ማረፊያ ነው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት በዚህ ኮረብታ ላይ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠርተው ይህን ስም ሲሰጡት፣ ቦታው አንድ ቀን ለሌላ መንገደኛ ማረፊያ እንደሚሆን አላወቁም። ያ መንገደኛ እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነበር።

የአሳሾችን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ መነሻውንና መድረሻውን አጉልተው በመሐል የተከናወነውን ያሳንሳሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን በመሐል ያለውን መመልከት ነው። ለዚህም የሚያነሣሣን ከታሪክ መጻሕፍት ውጭ ያለ፣ በወጣቱ ዘንድ ግን እጅግ የታወቀ አንድ የዘመናችን የጥበብ ዘርፍ አለ፤ እርሱም የቪዲዮ ጨዋታ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ክፍት ዓለም» በሚባለው የጨዋታ ዓይነት ተጫዋቹ የሚፈጽመው አንድ ዋና ተልእኮ ይሰጠዋል፤ ነገር ግን መንገዱ በግንብ የታጠረ አይደለም። ተራራው ይወጣል፤ ወንዙ ይሻገራል፤ በየመንደሩ ያሉ ሰዎች ችግራቸውን እየነገሩ እርዳታውን ይጠይቁታል። ይህ ሁለተኛው ሥራ «የጎን ተልእኮ» ይባላል። ለምሳሌ በ2017 በጃፓኑ ኒንቴንዶ ድርጅት ለገበያ በቀረበው ዘ ሌጀንድ ኦቭ ዜልዳ፤ ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ በተባለው ጨዋታ ውስጥ፣ ተጫዋቹ ከመጀመሪያው አምባ ከወረደ በኋላ ከፈለገ በቀጥታ ወደ ጠላቱ ግንብ መሄድ ይችላል። ይሁን እንጂ አብዛኛው የጨዋታው ሀብት የተቀመጠው ከዚያ ቀጥተኛ መንገድ ውጭ ነው። ዓለሚቱን የሚያውቃት የሚቸኩለው ሳይሆን ዞር ዞር የሚለው ነው። የጨዋታ ሠሪዎች በዚህ ዘዴ የደረሱበት እውነት በእውነተኛው ዓለም ጉዞ ውስጥ አስቀድሞ የታየ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ግልጽ ሆኖ ከታየባቸው ስፍራዎች አንዱም ቁስቋም ነው።

ብሩስ በመስከረም ወር 1769 ምጽዋ ሲደርስ ዋና ዓላማው አንድና አንድ ብቻ ነበር፤ የአባይን ምንጭ አይቶ ስሙን በአሳሾች መዝገብ ማስፈር። ትልቁ የከዋክብት መለኪያ መሣሪያው የታራንታን ዳገት የወጣው በሰዎች ትከሻ ላይ ነው። በየካቲት 1770 ጎንደር ሲገባ ግን ወጣቱ ንጉሥ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖትም ሆኑ የዘመኑን ሥልጣን ጨብጠው የነበሩት ራስ ሚካኤል ስሑል በከተማው አልነበሩም። አገሪቱ በመሳፍንት ሽኩቻ ትታመስ ነበር። ያለ ባለሥልጣን ፈቃድና ያለ ወዳጅ ወደ ምንጩ መዝለቅ የማይታሰብ ነገር ነበር። ስለዚህ ዋናው መንገድ ተዘጋ።

የተከፈተለት የጎን መንገድ በቁስቋም በኩል ነው። በዚያን ጊዜ ፈንጣጣ በከተማው ገብቶ በቁስቋም ቤተ መንግሥት የሚኖሩትን የእቴጌይቱን ቤተ ዘመድ ልጆች ይዞ ነበር። ብሩስ ሐኪም አልነበረም፤ ሆኖም በሶርያ በሐለብ ከተማ ሳለ ከአንድ እስኮትላንዳዊ ሐኪም ጥቂት የሕክምና ትምህርት ቀስሞ ነበር። ወደ ቁስቋም ተጠርቶ በመጣ ጊዜ የመጀመሪያ ሥራው የታፈኑትን ክፍሎች በርና መስኮት ማስከፈት፣ ቤቱን በሞቀ ውኃና በኮምጣጤ ማሳጠብ፣ በዕጣንና በከርቤ ማሳጠን ነበር። የእቴጌይቱ ልጅና የራስ ሚካኤል ባለቤት የነበሩት ወይዘሮ አስቴር ሌሊትና ቀን ከልጆቻቸው ራስጌ አልተለዩም። የወይዘሮ አስቴር ልጅ ክንፉ ከሞት ተረፈ፤ ብሩስ በመጨረሻ በምዕራቡ ጠረፍ በኩል ከአገር ሲወጣ በግዛቱ ተቀብሎ ያስተናገደው ይኸው ወጣት ነው።

ከዚህ በኋላ ብሩስ በቁስቋም ቤት ተሰጠው፤ በአገሬውም ዘንድ ያዕቆብ ተባለ። የቤተ መንግሥት ባለሟል ሆነ፤ በመተማ አቅጣጫ ያለው የራስ ፊል ጠረፍ አገረ ገዥነትም በስሙ ተሾመለት። በ1771 በሰርባኩሳ የተደረገውን ጦርነት በዓይኑ አየ። ከዚህ ሁሉ አንዱም ከአገሩ ሲነሣ ባሰበው ዕቅድ ውስጥ አልነበረም። ነገር ግን ወደ ዋናው ግብ ያደረሰው የገዛ ራሱ ጀግንነት ብቻ ሳይሆን፣ በአንድ የታመመ ልጅ አልጋ አጠገብ ያገኘው የእናት አመኔታ መሆኑ አይካድም።

የዚህ ታሪክ እምብርት የሆነው ንግግር የተደረገውም በቁስቋም ነው። ብሩስ ራሱ በመጽሐፉ እንደሚተርከው፣ ዓላማውን ለእቴጌ ምንትዋብ በገለጸላቸው ጊዜ እቴጌይቱ በሰው ልጅ ጠባይ ተደነቁ። እርሱ ከኢየሩሳሌም በኩል መጥቶ፣ በክፉ ገዥዎች ምድርና በበሽታ ቆላ አልፎ የሚፈልገው አንድ ወንዝና አንድ ረግረግ ነው፤ ከዚያም ተሸክሞ የሚወስደው ነገር የለም፤ በአገሩም ከዚያ የሚበልጥና የሚጠራ ብዙ ውኃ አለው። እርሳቸው ግን የነገሥታት እናት ሆነው ሳሉ፣ እየለመኑም ቢሆን ኢየሩሳሌም ደርሰው በመቅደሱ ደጅ አቅራቢያ መቀበርን ይመኛሉ፤ ያንን ግን አያገኙትም። የንግግሩ ፍሬ ሐሳብ ይህ ነበር።

በዚህ ቃል ውስጥ ያለውን ጥልቀት አንባቢው ያስተውለው። ለብሩስ እቴጌይቱ በመንገዱ ዳር የተገኙ ባለውለታ ነበሩ። እርሳቸው ግን የራሳቸው ዋና መንገድ የነበራቸው ሰው ናቸው፤ ባላቸው ዐፄ በካፋ በ1730 ካረፉ ወዲህ ልጃቸውን ዳግማዊ ኢያሱን፣ ከዚያም የልጅ ልጃቸውን ኢዮአስን በዙፋን አስቀምጠው ከ30 ዓመት በላይ የመንግሥቱን ሥልጣን ይዘው ኖሩ፤ የልጅ ልጃቸውም ብሩስ ምጽዋ በደረሰበት በዚያው በ1769 ዓመት ተገደለባቸው። የሚያነጋግሩት መንገደኛ ሊያየው የሚሮጥለት ነገር ለእርሳቸው ከንቱ ነው፤ እርሳቸው የሚመኙት ደግሞ ለእርሱ አልፎት የመጣ አገር ነው። የአንዱ ግብ የሌላው የጎን መንገድ ነው።

በኅዳር ወር 1770 ብሩስ ግሽ አባይ ደረሰ። የሰከላ አገር ነዋሪዎች የሆኑት አገዎች ምንጩን እንደ ቅዱስ ስፍራ ያከብሩት ስለ ነበር ጫማውን እንዲያወልቅ አዘዙት፤ እርሱም ባዶ እግሩን ቁልቁል ሮጦ ከጉድጓዱ አፋፍ ቆመ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም፤ ወዲያው ከባድ ትካዜ እንደ ወደቀበት ራሱ ጽፏል። ምክንያቱም ለመረዳት አይቸግርም። እርሱ «አገኘሁት» ያለውን ምንጭ የአካባቢው ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ሲያውቀውና ሲያመልክበት ኖሯል። ከአውሮፓውያንም ቢሆን ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ከ150 ዓመት በፊት፣ በ1618 በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን አይቶት ጽፎበታል። ብሩስ ይህን ምስክርነት ለማጣጣል ቢደክምም እውነቱን መሰረዝ አልቻለም። በተጨማሪም ነጭ አባይ ሌላ ምንጭ እንዳለው በኋላ ተረጋገጠ። እንግዲህ የጉዞው ዋና ተልእኮ በታሪክ ሚዛን ሲመዘን ቀላል ሆነ።

ከባዱ ሆኖ የተገኘው የጎኑ ሥራ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ ሙሉ ይዞታው ጠፍቶ የነበረው መጽሐፈ ሄኖክ በግእዝ ተጠብቆ መኖሩን ለአውሮፓ ምሁራን በጽሑፍ ያስረዱት ብሩስ ይዟቸው የሄዱት ቅጂዎች ናቸው፤ ከእነርሱም በመነሣት ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል፣ ክብረ ነገሥት፣ የጎንደር ዘመን ኑሮ ዝርዝር፣ የኮሶና የእንሰት ሥዕል፣ ሁሉም በመንገድ ዳር የተሰበሰቡ ናቸው። ለተቅማጥ መድኃኒትነት ሲያገለግል የኖረው ዋጊኖስ የተባለው ቁጥቋጦም እንዲሁ ነው። የመድኃኒትነቱን ዕውቀት ለብሩስ የሰጠው የአገሩ ሕዝብ ሲሆን፣ ተክሉ በሳይንስ ቋንቋ የተጠራው ግን «ብሩሲያ» ተብሎ በተጓዡ ስም ነው።

በዚህም የጎን መንገድ ታሪክ ሌላ ገጽታውን ያሳየናል። የብሩስ ጓደኛ የነበረው ጣሊያናዊው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ ብዙዎቹን ሥዕሎች ሥሎ፣ እስከ ምንጩም አብሮ ተጉዞ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ፤ ብሩስ ግን በ1790 በአምስት ቅጽ ባሳተመው መጽሐፉ የባሉጋኒን ድርሻ ደበቀ። የባሉጋኒ ስም ይህን ያህል ከተሰወረ፣ መሣሪያውን በትከሻቸው ያወጡት፣ መንገድ የመሩት፣ ቃል የተረጎሙለትና ስንቅ ያቀበሉት ሰዎች ስም ምን ያህል እንደ ተዘነጋ መገመት አያዳግትም። ታሪክን አንድ ጀግና ብቻውን እንደማይሠራው ይህ ጉዞ በግልጽ ይመሰክራል።

ወደ ዘመናችን ጥበብ እንመለስ። በ2017 የወጣው አሳሲንስ ክሪድ ኦሪጅንስ የተባለው ክፍት ዓለም ጨዋታ የናይልን ሸለቆ በክሊዮፓትራ ዘመን እንደ ነበረ አድርጎ አቅርቧል። በ2018ም አሳታሚው ዩቢሶፍት ከዚህ ጨዋታ ላይ ውጊያውን አስወግዶ፣ ተጠቃሚው ከተሞቹንና ቤተ መቅደሶቹን እየተዘዋወረ የሚማርበትን ክፍል አዘጋጀ። ወንዙን ከላይ የሚመግበው የእኛ አገር ደጋ ስለሆነ፣ ነገሩ የጎንደርን መምህራንና አርቲስቶች በቀጥታ ይመለከታል። አንድ ቀን የጎንደር ዘመን በዚህ ዓይነት ጥበብ የሚሠራ ከሆነ፣ የሚሠራው በማን ዕውቀት ነው? ዋናው ገጸ ባሕርይስ ማን ነው?

ጥንቃቄ የሚያሻው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። በብዙዎቹ ጨዋታዎች ውስጥ በመንገድ ዳር የሚቆሙት ሰዎች ጀግናው እስኪመጣ ድረስ ሥራ የላቸውም፤ ችግራቸውን ተናግረው፣ ሽልማታቸውን ሰጥተው ይረሳሉ። የአሳሾች መጻሕፍትም አገራችንን ለረጅም ጊዜ የሣሉት በዚሁ መንገድ ነው። ይህን አስተያየት የሚያርመው ከቦታው የሚገኝ ዝርዝር ዕውቀት ነው፤ በቁስቋም ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ግድግዳ ላይ ዛሬም የሚታዩት በቀይ ድንጋይ የተቀረጹ መስቀሎችና ምስሎች፣ በድርቡሾች ወረራ ጊዜ ከጠፋ በኋላ እንደገና የተሠራው ቤተ ክርስቲያን፣ የአካባቢው ሽማግሌዎችና ካህናት ትውስታ፣ የዕፀዋቱ ስምና ጥቅም። ቁስቋም በ1979 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበው የፋሲል ግቢና አካባቢው ቅርስ አንዱ ክፍል ነው፤ ሆኖም መዝገብ ድንጋዩን እንጂ ትዝታውን ሊጠብቅ አይችልም። ትዝታውን የሚጠብቁት ተማሪዎቻቸውን ወደ ኮረብታው ይዘው የሚወጡ መምህራን፣ ቅርጹን የሚሥሉ ሠዓልያን፣ ቃሉን የሚመዘግቡ ጸሐፊዎች ናቸው።

ብሩስ በታኅሣሥ ወር 1771 ጎንደርን ለቆ በሰናር በኩል ወደ አገሩ ተመለሰ። እቴጌ ምንትዋብ በ1773 ዐረፉ፤ ኢየሩሳሌምን አላዩም። መንገደኛው ግቡን አግኝቶ አዘነ፤ ያስተናገዱት እመቤት ግባቸውን ሳያገኙ አለፉ። ስለ አባይ ምንጭ ፍለጋ የሚያስተምር መምህር፣ የሚሥል ሠዓሊ፣ ጨዋታ የሚሠራም ወጣት ቢሆን፣ የመጀመሪያውን ጉዞ ብቻ ተርኮ ሁለተኛውን ከተወ ታሪኩን በግማሹ ነገረን ማለት ነው።