ከአቤቱታ ወደ ፍኖተ ካርታ

«ግምገማ» ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የካድሬ ስብሰባና ሂስ ግለ ሂስ ነው። እኔ የማነሣው ግን የመንግሥት ፕሮግራም ለሕዝብ የገባውን ቃል መፈጸም አለመፈጸሙን የሚመረምረውን ሙያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር፣ ተጠቃሚዎችን በዕጣ መድበው ለሚያነጻጽሩ ጥናቶች ቅድሚያ ለመስጠት አሰበ። የአሜሪካ የግምገማ ማኅበር በጽሑፍ ተቃወመ፤ አንዳንድ ታዋቂ አባላቱ ደግሞ የራሱን የማኅበሩን አቋም በአደባባይ ተቃወሙ። ሚኒስቴሩ በ2005 ውሳኔውን አጸና።

ማኅበሩ ግን አኩርፎ አልቀረም። በ2007 የግምገማ ፖሊሲን የሚከታተል ግብረ ኃይል አቋቋመ፤ በ2009 ፍኖተ ካርታ አወጣ። ጠቡን ከዘዴ ወደ ሥርዓት አዞረው፤ ገምጋሚው ነጻ ይሁን፣ በጀትና ዕቅድ ይኑረው፣ ውጤቱም ለሕዝብ ይገለጥ አለ። በጥር 2019 የጸደቀው ሕግ ዋና ዋናዎቹ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የግምገማ ኃላፊ እንዲሰይሙና ዓመታዊ የግምገማ ዕቅድ እንዲያወጡ አስገደደ። ሕጉን ማኅበሩ ብቻውን አመጣው አልልም፤ ብዙ እጆች አሉበት። ሆኖም ጊዜው ሲደርስ ማኅበሩ የተዘጋጀ ሐሳብ በእጁ ነበረው።

የእኛ የሙያ ማኅበራትስ? መንግሥት ረቂቅ ሲያወጣ ከመቃወም ባሻገር፣ አስቀድመው የጻፉት የራሳቸው ረቂቅ አላቸውን?