309 ለምን? ክፍል ውስጥ ያልነገርኳችሁ ታሪክ

ባለፈው ሳምንት ማታ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ስቴንለስ ቧንቧ ከጥቁር ብረት ቧንቧ ጋር ተበይዷል፤ ብየዳው መሃል ለመሃል እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ተሰንጥቋል። «ቲቸር፣ በ7018 ነው የበየድኩት። ሲያዩት ያምር ነበር። ጠዋት ስቲም ስንለቅበት ፉጨት ሰማን። በላዩ ላይ 309 ልድገምበት?» ይላል።

ደነገጥኩ። ስቲም ቀልድ አያውቅም፣ አጠገቡ ሰው ቆሞ ቢሆንስ? ደግሞም ክፍል ውስጥ ምን እል እንደነበር ትዝ አለኝ፦ «ስቴንለስ ከጥቁር ብረት ሲገጥማችሁ 309፣ አለቀ።» ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳችሁም። ለምኑን ያልሰማ ሰው ደግሞ 309 ከገበያ ሲጠፋ እጁ ላይ ያለውን ያነሳል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ እንደ ዕዳ ክፍያ ቁጠሩልኝ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ሩሲያ ውስጥ፣ ፔርም ከተማ ባለ የመድፍ ፋብሪካ ነው። መሐንዲሱ ኒኮላይ ስላቭያኖቭ በ1888 ራሱ እየቀለጠ የሚሞላ የብረት ኤሌክትሮድ ተጠቅሞ በየደ። ከእሱ በፊት የአገሩ ሰው ቤናርዶስ በካርቦን ዘንግ ነበር አርክ የሚያስነሳው። ስላቭያኖቭ ዘዴው ምን ያህል እንደሚችል ለማሳየት ስምንት ዓይነት ማዕድኖችን፣ ብረትና መዳብ፣ ነሐስና ኒኬል ሳይቀር፣ እላይ በላይ እየበየደ አንድ ብርጭቆ ሠራ። በ1893 ቺካጎ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ታየ።

ብርጭቆው ግን ጌጥ ነው፤ ግፊትም ሙቀትም አይሸከምም። የተለያዩ ማዕድኖች «ይያያዛሉ ወይ?» ለሚለው መልስ ሰጠ። «ተያይዘው ይኖራሉ ወይ?» የሚለው ግን ገና አልተነሳም ነበር።

ይህን ጥያቄ ያመጣው ስቴንለስ ነው። በ1912 ጀርመን ውስጥ ክሩፕ ኩባንያ የክሮሚየምና የኒኬል ብረቱን ፓተንት አስመዘገበ። በ1913 ደግሞ እንግሊዝ ሼፊልድ ውስጥ ሃሪ ብሬርሊ የክሮሚየም ብረቱን አቀለጠ። ስቴንለስ ውድ ስለሆነ ማንም ፋብሪካውን በሙሉ በእሱ አይሠራም። አሲድና ዝገት ባለበት ቦታ ስቴንለስ፣ በቀረው ጥቁር ብረት ይሆናል። ሁለቱ አንድ ቦታ መገናኘታቸው ግን አይቀርም። በያጁም የተበየደው ቦታ አንዳንዴ እንደ መስታወት እየተሰበረ ሲያስቸግረው ኖረ።

ችግሩ ምን ነበር? ጠላ በውሃ ሲበረዝ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ኤሌክትሮዱም እንዲሁ ነው። ፓኬቱ ላይ የተጻፈው ብረት ብየዳው ውስጥ የሚቀረው ብረት አይደለም። አርኩ ከግራና ከቀኝ ያሉትን ብረቶች አቅልጦ ይበርዘዋል። በተለመደው የኤሌክትሮድ ብየዳ ብርዙን ከመቶ 30 ያህል ብለን እናስላ፤ 15 ከስቴንለሱ፣ 15 ከጥቁሩ ብረት። ስለዚህ ሁለት ብረት በየድኩ ስትል ሦስተኛ ብረት ሠርተሃል።

ያ ሦስተኛው ብረት ምን እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያሳይ ካርታ የሰጠን አሜሪካዊው አንቶን ሼፍለር ነው፤ በ1949። በአግድም ክሮሚየምንና እንደ ክሮሚየም የሚሠሩትን፣ በቁም ኒኬልንና እንደ ኒኬል የሚሠሩትን ደመረ። ካርቦንን በ30 አባዝቶ ከኒኬል ወገን ቆጠረው። ቁጥሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ብየዳው ጠንካራና ተሰባሪ (ማርቴንሳይት) ይሁን፣ ወይስ ሳይሰበር የሚለጠጥ (ኦስቴናይት) ይነግርሃል። በኋላ ዲሎንግ ናይትሮጅንን ጨመረበት፤ ዛሬ የምንጠቀመው የ1992ቱ ካርታም የእሱ ልጅ ነው።

አሁን የልጁን ብየዳ አብረን እናስላ። ስቴንለሱ 18 ክሮሚየም፣ 8 ኒኬል አለው፤ ጥቁሩ ምንም የለውም።

በ7018፦ ክሮሚየም 2.7፣ ኒኬል 1.2። በቀጥታ ማርቴንሳይት። መሰንጠቁ አያስገርምም።

በ308 (20 እና 10)፦ 16.7 እና 8.2። ድንበሩ ላይ ነው። እጅህ ትንሽ ከከበደ ተሻገርክ።

በ309 (24 እና 13)፦ 19.5 እና 10.3። ተበርዞ እንኳ ጥሩ ስቴንለስ ሆኖ ቀረ።

አያችሁ? 309 ወፍሮ የተጠመቀው እንዲበረዝ ታስቦ ነው። ምስጢሩ ይኸው ነው።

የብየዳ ዓይነት ምርጫም እዚሁ ውስጥ አለ። ቲግ ይዘህ ያለ ፊለር ሁለቱን ብታቀልጥ ግማሽ በግማሽ ነው፤ 9 ክሮሚየም፣ 4 ኒኬል፣ ተመልሶ ማርቴንሳይት። ሰብመርጅድ አርክ ደግሞ ብርዙን ከግማሽ በላይ ሊያደርሰው ይችላል። ስለዚህ «የትኛው ማሽን?» ከማለት በፊት «ስንት ይበርዛል?» በሉ። አምፔሩን ማብዛትም መበረዝ ነው።

ታሪኩ እዚህ አያልቅም። ኃይል ማመንጫዎች ውስጥ በ309 የተበየዱ መገጣጠሚያዎች ለዓመታት ሲግሉና ሲቀዘቅዙ ቆይተው ይሰነጠቁ ጀመር። ስቴንለስ ሲሞቅ ከጥቁር ብረት ግማሽ ያህል አብልጦ ይለጠጣል። ካርቦንም ቀስ በቀስ ከጥቁሩ ወደ ስቴንለሱ ይሰደዳል፤ የለቀቀውም ቦታ ይደክማል። መፍትሔው መለጠጡ ለጥቁሩ ብረት የሚቀርበው የኒኬል ኤሌክትሮድ ሆነ።

እሱም ፈተና ገጠመው። በጥቅምት 2000 ደቡብ ካሮላይና ባለው ቪ. ሲ. ሰመር የኑክሌር ጣቢያ፣ በሬአክተሩ አፍና በስቴንለሱ ቧንቧ መካከል ያለው የኒኬል ብየዳ ተሰንጥቆ ነጭ የቦሪክ አሲድ ክምር ተገኘ። የኒኬሉ ክሮሚየም ከ15 እስከ 20 ነበር፤ ለጋለው ውሃ አልበቃም። ለዚህ ሥራ ዛሬ የሚመረጠው ወደ 30 የሚጠጋ ክሮሚየም ያለው ነው።

እንግዲህ 309 ራሱ «አለቀ» የሚባልበት ሕግ አይደለም።

ለልጁ የመለስኩለት ይህን ነው። በላዩ ላይ አትድገም፣ ስንጥቁ ከሥር ይጠብቅሃል። የድሮውን ብየዳ በሙሉ በግራይንደር አውጣ። ስቲሙ ስንት ዲግሪ ነው? «180 አካባቢ» አለኝ። እንግዲያው 309ኤል ይበቃሃል፤ ከ300 በላይ ቢሆን ኖሮ ስለ ኒኬል እናወራ ነበር። አምፔርህን ቀንስ። ስቲም ከመልቀቅህ በፊት በውሃ ግፊት ፈትሸው።

ትናንት ጻፈልኝ፦ «ቲቸር፣ ያዘ። ግን ይሄን ያኔ ቢነግሩን ኖሮ?»

እውነቱን ነው። የተማራችሁ ልጆቼ፣ ይቅርታ። ወርክሾፕ ያላችሁ ደግሞ 309 ሲጠፋ በምን እንደምትበይዱ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ አብረን እናስላው።