የሻለቃ አርምስትሮንግ ሕይወትና ሥራ

ራዲዮ የምንሰማ ብዙዎች ነን፤ ድምፁ ጠርቶ እንዲደርሰን የደከሙትን ሊቃውንት ስም የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን። ማርኮኒ በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። ከእርሱ በኋላ ተነሥቶ የዚህን ጥበብ መልክ የለወጠው አሜሪካዊው መሐንዲስ ኤድዊን ሀዋርድ አርምስትሮንግ ግን እምብዛም አይወሳም። ስለዚህ ታሪኩን በአጭሩ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አርምስትሮንግ በ1890 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ ተወለደ። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፥ በ1912 ዓ.ም. ሊ ዲ ፎረስት የፈለሰፈውን የራዲዮ አምፑል መርምሮ፥ ከአምፑሉ ከሚወጣው ኃይል ጥቂቱ ወደ መግቢያው ቢመለስ ደካማው ድምፅ እጅግ እንደሚጎላ ደረሰበት። አባቱ ትምህርቱን ሳይፈጽም የፈጠራ መብት ማስመዝገቢያ ገንዘብ አልሰጥም ስላለው፥ ንድፉን በጃንዋሪ 31 ቀን 1913 ዓ.ም. በውል አዋዋይ ፊት አስመሰከረ። ዲ ፎረስት ግን ቀዳሚው እኔ ነኝ ብሎ ተከራከረ። ክርክሩም ከብዙ ዓመት በኋላ በ1934 ዓ.ም. በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለዲ ፎረስት ተፈረደ። አርምስትሮንግ ስለዚሁ ሥራው የተሸለመውን ሜዳይ ለራዲዮ መሐንዲሶች ማኅበር ሊመልስ ቢነሣ፥ ማኅበርተኞቹ አንቀበልም ብለው አከበሩት። ፍርድ ቤቱ የነሣውን የሙያ ጓደኞቹ መለሱለት ማለት ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፓሪስ የጦር ሠራዊቱ መኰንን ሆኖ ሲያገለግል፥ በ1918 ዓ.ም. ሱፐርሄትሮዳይን የተባለውን መቀበያ ፈጠረ። ይህም ከሩቅ የሚመጣውን ፈጣን ሞገድ መቀበያው ራሱ ከሚያመነጨው ሞገድ ጋር ቀላቅሎ፥ ለማጉላት ወደሚመች ዝግተኛ ሞገድ የሚለውጥ ብልሃት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራው ግን በ1933 ዓ.ም. መብቱ የተመዘገበለት ኤፍ ኤም ነው። በቀድሞው ስልት ድምፁ የሚጫነው የሞገዱን ጕልበት ከፍና ዝቅ በማድረግ ስለ ነበረ፥ መብረቅም ይህንኑ ጕልበት እያወከ ጫጫታ ያስገባ ነበር። አርምስትሮንግ የሞገዱን ጕልበት ሳይነካ የርግብግቡን ፍጥነት ለወጠ፤ ጫጫታውም ጸጥ አለ።

አር ሲ ኤ የተባለው ኩባንያ ብልሃቱን በኤምፓየር ስቴት ሕንፃ ላይ ካስፈተነ በኋላ ገንዘቡን ወደ ቴሌቪዥን አዞረ። አርምስትሮንግም በራሱ ወጪ በኒው ጀርሲ፥ አልፓይን በተባለ ስፍራ ማሰራጫ አቆመ። በ1945 ዓ.ም. የአሜሪካ መገናኛ ኮሚሽን የኤፍ ኤምን ሞገድ ወደ ሌላ ክልል ሲያዛውር፥ ሕዝቡ የገዛቸው መቀበያዎች ሁሉ ከጥቅም ውጭ ሆኑ። በ1948 ዓ.ም. አርምስትሮንግ መብቴን ደፍሮብኛል ሲል አር ሲ ኤን ከሰሰ። ክርክሩ ሀብቱንና ጤናውን ስለ ጨረሰበት፥ በጃንዋሪ 31 ቀን 1954 ዓ.ም. በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። ንድፉን ካስመሰከረ ልክ 41 ዓመት ሆኖት ነበር።

ባለቤቱ ማሪዮን ግን ክሱን አልተወችም። አር ሲ ኤ በዚያው ዓመት አንድ ሚሊዮን ዶላር ያህል ከፍሎ ታረቀ፤ የመጨረሻውንም ሙግት በ1967 ዓ.ም. ረታች። ዛሬ በአዲስ አበባ 97.1 ብለን የምንከፍተው ጣቢያ የሚናገረው በእርሱ ብልሃት ነው።

አባቶቻችን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። ነገር ግን እስኪጠራ ድረስ ባለቤቱ ላይቆይ ይችላል። በጽሕፈት ቤት ተቀምጠን ወረቀት ለምንፈርምም፥ አንድ ውሳኔ የአንድን ሰው የዕድሜ ልክ ድካም ሊያቀና ወይም ሊያፈርስ እንደሚችል ይህ ታሪክ ያስተምረናል።