ለከፍታ ሐይቆች ተስማሚ የሆነ የሞተር ጀልባ ፕሮፔለር አመራረጥ

ይህ መረጃ በወንጪና በደንዲ ሐይቆች ላይ በሞተር ጀልባ የትራንስፖርት አገልግሎት ለሚሰጡ ወይም ለመስጠት ለሚዘጋጁ ማኅበራትና ግለሰቦች የተዘጋጀ ነው። ከጀልባው ኋላ ለሚገጠም ሞተር ፕሮፔለር ከመግዛታቸው ወይም ከመቀየራቸው በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች እንደሚከተለው ቀርበዋል።

የከፍታው ተጽዕኖ

አምቦ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከአምቦ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የወንጪ ሐይቅ እና በምዕራብ ሸዋ ዞን ደንዲ ወረዳ የሚገኘው የደንዲ ሐይቅ ግን ሁለቱም ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 71 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በጣና ሐይቅ 80 በመቶ፣ በጋምቤላ ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ ነው።

ሞተር ነዳጅን የሚያቃጥለው ከአየር ጋር ቀላቅሎ በመሆኑ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በባሕር ጠለል 40 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር በወንጪ የሚሰጠው 28 ገደማ ነው። በመሆኑም በሌላ ሐይቅ ላይ በሚገባ ይሠራ የነበረ ፕሮፔለር በእነዚህ ሐይቆች ላይ ለሞተሩ ከባድ ይሆንበታል።

በፕሮፔለር ላይ የሚጻፉ ቁጥሮች

በፕሮፔለሩ ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቁጥሮች ተጽፈው ይገኛሉ። የመጀመሪያው ዲያሜትር፣ ሁለተኛው ፒች ሲሆን ሁለቱም በኢንች ይለካሉ። ፒች ማለት ፕሮፔለሩ እንደ ብሎን በጠጣር ነገር ውስጥ ይገባል ተብሎ ቢታሰብ በአንድ ሙሉ ዙር ወደ ፊት የሚራመደው ርቀት ነው። ውሃ ፈሳሽ በመሆኑ ትክክለኛው ርቀት ከዚህ ያነሰ ነው። ፒቹ ከፍ ሲል ፕሮፔለሩ ለሞተሩ ይከብዳል፤ ዝቅ ሲል ደግሞ ይቀላል።

ትክክለኛውን ፒች ለመለየት የሚከናወን ሙከራ

ፕሮፔለር የሚመረጠው ጀልባው በሚሠራበት ሐይቅ ላይ፣ በተለመደው ጭነት በሚደረግ ሙከራ ነው። በሻጩ ዘንድ ወይም በዝቅተኛ ስፍራ የተደረገ ሙከራ በቂ አይደለም።

1. ከሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ፣ ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ሲሰጥ ሞተሩ በደቂቃ ሊደርስበት የሚገባውን የዙር ብዛት ይመልከቱ።
2. ጀልባው ዘወትር የሚጭነውን ያህል ክብደት ይጫኑ።
3. ሌላ ጀልባና ዋናተኛ በሌለበት ስፍራ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ሰጥተው የዙር ቁጥሩን በዙር መለኪያ ያንብቡ።
4. ቁጥሩ ከተፈቀደው በታች ከሆነ ፒቹን ይቀንሱ፤ በላይ ከሆነ ይጨምሩ። የ1 ኢንች ለውጥ በአብዛኛው ከ150 እስከ 200 ዙር ልዩነት ያመጣል።
5. አዲሱን ፕሮፔለር ከገጠሙ በኋላ በሙሉ ጭነትም በባዶም ሙከራውን ይድገሙ።

ለምሳሌ በመመሪያው ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር የተፈቀደለት ሞተር ባለ 13 ኢንች ፒች ፕሮፔለር ተገጥሞለት፣ መንገደኛ ጭኖ 4,700 ዙር ብቻ ቢደርስ፣ ወደ 5,500 ለማድረስ 800 ዙር ይቀረዋል። ይህም ፒቹ በ4 ኢንች ገደማ ዝቅ ብሎ ወደ 9 ኢንች መውረድ እንዳለበት ያመለክታል። በባዶ ጀልባ ግን ዙሩ ከ6,000 እንዳያልፍ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ከባድ ፕሮፔለር የተገጠመለት ሞተር ይጨነቃል፣ ነዳጅ ይፈጃል፣ ከልክ በላይ ይግላል፣ ውሎ አድሮም ፒስተኑ ይጎዳል። መንገደኞችን እንደጫነ ከዳር ርቆ ሊቆምም ይችላል። ስለዚህ የዙር ማነስ ለኪስ ብቻ ሳይሆን ለሰው ሕይወትም የሚያሰጋ ምልክት ነው።

ሌሎች የምርጫ መመዘኛዎች

የክንፍ ብዛት፦ ባለ ሦስት ክንፍ ለአብዛኛው አገልግሎት ይበቃል። ባለ አራት ክንፍ ከባድ ጭነት በዝግታ ለሚያጓጉዝ ጀልባ የተሻለ ነው፤ ሆኖም ዙሩን ስለሚቀንስ በአብዛኛው ፒቹን በ1 ኢንች ዝቅ ማድረግን ይጠይቃል።

የተሠራበት ማዕድን፦ አሉሚኒየም ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ራሱ ስለሚጣመም የሞተሩን ማርሽ ከጉዳት የማትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። የማይዝግ ብረት ጠንካራ ቢሆንም ዋጋው ከፍ ያለ ሲሆን፣ የግጭቱንም ኃይል ወደ ማርሹ ሊያስተላልፍ ይችላል። ዳርቻቸው ድንጋያማ በሆኑ ስፍራዎች ለሚሠሩ ጀልባዎች አሉሚኒየም ተመራጭ ነው።

ተስማሚነት፦ ፕሮፔለሩ የሚገባበት ዘንግ የጥርስ ብዛትና ለሞተሩ የተፈቀደው ከፍተኛ ዲያሜትር ከሞተሩ ሞዴል ጋር መመሳሰል አለባቸው።

ፕሮፔለር የማይፈታቸው ችግሮች

ተስማሚ ፕሮፔለር ሞተሩ በሚገባው ዙር እንዲሠራ ያደርጋል እንጂ በከፍታው ምክንያት የጠፋውን ጉልበት አይመልስም። ጉልበቱ በቂ ካልሆነ የመንገደኛውን ቁጥር መቀነስ ወይም ከፍ ያለ ጉልበት ያለው ሞተር መምረጥ ይገባል፤ ሆኖም ለጀልባው አካል ከተፈቀደው ጉልበት ማለፍ አይቻልም። ካርቡራተር ያላቸው ሞተሮች በከፍታ ስፍራ ነዳጅ ስለሚበዛባቸው በባለሙያ መስተካከል ይኖርባቸዋል። ይህ ማስተካከያ ከሙከራው በፊት ቢከናወን የሚነበበው ቁጥር ትክክለኛ ይሆናል።

የደኅንነት ጥንቃቄ

በወንጪ ሐይቅ ደሴት ላይ ወደሚገኘው የቂርቆስ ገዳም በንግሥ ዕለት የሚሄደው ምዕመን ይበረክታል። በእንዲህ ያለው ቀን ሙከራው ከተደረገበት ጭነት በላይ መጫን ፈጽሞ አይገባም። መንገደኛ ሲወጣና ሲወርድ ሞተሩ መጥፋት፣ ነጂው የሞተር ማጥፊያውን ገመድ ከራሱ ጋር ማሰር፣ እያንዳንዱ መንገደኛም የሕይወት አድን ጃኬት መልበስ አለበት። ፕሮፔለሩ ሲፈታ ሞተሩ በድንገት እንዳይነሣ የካንዴላው ገመድ አስቀድሞ ይነቀል። የተጣመመ ወይም የተሸረፈ ክንፍ ንዝረት ስለሚፈጥር ሳይጠገን አገልግሎት ላይ አይዋል። ጥሩ ይዞታ ያለው አንድ መለዋወጫ ፕሮፔለርም ከመፍቻው ጋር ዘወትር በጀልባው ውስጥ ሊኖር ይገባል።