ደብር ተራራ በነበረ ጊዜ

«ደብር» ዛሬ ታቦት የገባበት ቤተ ክርስቲያን ነው። በግእዝ ግን ተራራ ነበር፤ ደብረ ሲና የሲና ተራራ፣ ደብረ ታቦር የታቦር ተራራ ነው። መነኮሳት ከፍታውን ሲመርጡ ስሙ ከዐለቱ ወደ ሕንፃው ተሻገረ። «ገዳም»ም ቀድሞ ዱር ነበር፤ «አራዊተ ገዳም» የዱር አውሬ እንጂ የመነኩሴ ከብት አይደለም። እንግዲህ በሰሜን ተራሮች 3,600 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆረችው ጊች፣ የሙስሊሞች መንደር ሆና ሳለ፣ በጥንቱ ግእዝ ደብር ላይ ነበረች። መስጊዱም ባዳ አይደለም፤ የዐረብኛው «ሰጀደ» የግእዙ «ሰገደ» ወንድም ነው። ዐረብኛ «ጀ» ባለበት ግእዝ «ገ» ይላል፤ «ጀመል»፣ «ገመል»።

የአገሩ ስም ደግሞ ፊቱን አዙሯል። ሪቻርድ ፓንክረስት እንደጻፉት «ሰሜን» ጥንት ደቡብ ማለት ነበር፤ ተራሮቹ ለአክሱም በስተደቡብ ናቸውና። መናገሻው ወደ ደቡብ ሲወርድ ተራራው ካለበት ሳይነቃነቅ አቅጣጫው ተገለበጠ።

ወደ ቤተሰብ እንግባ። «ርስት» የ«ወረሰ» ልጅ ነው፤ ከ«ወለደ» «ልደት» ሲወጣ ወ እንደምትወድቅ እዚህም ወድቃለች። ርስት የሚጠይቅ ሰው አጥንት ይቆጥር ነበር፦ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለ መሬቱን እስካቀናው አባት ድረስ። «አጥንት» ራሱ «ዐፅም» ነው፤ ፀ ጠ ሆነ፣ ም ከት ፊት ሲደርስ ን ሆነ። «ዐፅመ ርስት» ሲባል ግን የግእዙ መልክ ሳይነካ ቆየ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ መሆኑ ሲታወጅ አጥንት ቆጠራው ከመሬት ተላቀቀ፤ እስከ «ሰባት ቤት» መቁጠሩ ለጋብቻ መከልከያ ብቻ ቀረ።

በ2008 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ከግጦሽ ለማዳን ሲባል ከ400 የሚበልጡ የጊች አባወራዎች ወደ ደባርቅ ወረዱ። «አባወራ» የኦሮምኛ «አባ ወራ» ነው፤ «ወራ» ቤተሰብ ማለት ነው። «ሰፈራ» የሚለው የመዝገብ ቤት ቃልስ? ግእዙ «ሰፈረ» ለካ ማለት ነው። አማርኛ መለካትንም መቀመጥንም ይዟል፤ ጤፍ በቁና ይሰፈራል፣ ሰው በሜዳ ይሰፍራል። «ሰፈር» የተወለደው ከሁለተኛው ነው። ርስት በአጥንት ይቆጠር ነበር፤ የከተማ ቦታ በካሬ ሜትር ይሰፈራል።