የጋራና የግል ስም በስክሪፕት ቋንቋዎች ታሪክ

በኮምፒዩተር ፕሮግራም ውስጥ ተለዋዋጭ ማለት ዋጋ የሚያዝበት ስም ነው። ከፈንክሽን ውጭ የተሰየመው ለመላው ፕሮግራም የጋራ ሲሆን፣ በፈንክሽን ውስጥ የተሰየመው የዚያው ፈንክሽን የግል ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. የወጣው አልጎል 60 ይህን ድንበር በደንብ አጸና፤ ማናቸውም ተለዋዋጭ ከመሥራቱ በፊት መታወጅ ነበረበት።

ከ30 ዓመታት በኋላ የተስፋፉት የስክሪፕት ቋንቋዎች ግን ሥራን ለማፋጠን ሲሉ ይህን ግዴታ አነሡ። ስለዚህም ሳይታወጅ በፈንክሽን ውስጥ ዋጋ የሚሰጠው ስም የማን እንደሆነ ቋንቋው ራሱ መወሰን ግድ ሆነበት።

«ድምር» የተባለው የጋራ ተለዋዋጭ 10 ይዞ ሳለ አንድ ፈንክሽን 1 ጨምርበት ቢባል፣ ውሳኔው ሦስት ዓይነት ሆኖ ይታያል። ጊዶ ቫን ሮሰም በ1991 ባወጣው ፓይተን፣ ስሙ የግል ስለሚሆን፣ ዋጋ ሳይዝ ተነበበ ተብሎ ሥራው በስሕተት ማስታወቂያ ይቆማል። ራስመስ ለርዶርፍ በ1995 ባሠራጨው ፒኤችፒ የጋራው ስም በፈንክሽኑ ውስጥ ስለማይታይ፣ በውስጥ 1 ሲገኝ በውጭ 10 እንዳለ ይቀራል። ብሬንዳን አይክ በዚያው ዓመት በሠራው ጃቫስክሪፕት ግን የጋራው ድምር 11 ይሆናል።

በፓይተንና በፒኤችፒ የጋራውን መለወጥ የሚሻ ሰው «ግሎባል» ብሎ ማስታወቅ ይኖርበታል። በጃቫስክሪፕት ግን ማወጅን የረሳ ሰው ሳያውቀው የሌላውን ፈንክሽን ቆጠራ ሊያፋልስ ይችላል፤ የሚያስጠነቅቀውም አልነበረም። ያልታወጀ ስም እንደ ስሕተት የተቆጠረው በ2009 በወጣው ደንብ «ጥብቅ» የተባለውን ሥርዓት ለመረጡ ብቻ ነው።

እንግዲህ የማወጅ ግዴታ መነሣቱ ድካሙን አላስቀረም፤ ከመጻፊያው ሰዓት ወደ ስሕተት መፈለጊያው ሰዓት አዛወረው እንጂ።