ዜና መዋዕል ዘአንዶቨር

በስዊድን ንጉሥ በቀዳማዊ ኦስካር ዘመነ መንግሥት አንድ ቄስ ነበረ። ስሙ ላርስ ፖል ኤስብዮርን ይባላል፤ ትውልዱም በሔልሲንግላንድ አውራጃ በዴልስቦ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1808 ተወለደ፤ ከዚህ በታች የሚነሡትም ቀናትና ዓመታት ሁሉ በዚሁ የተቆጠሩ ናቸው። በ1832 ክህነት ተቀብሎ፣ ኋላም ኦስሌትፎሽ በምትባል የብረት ማቅለጫ መንደር የሠራተኞቹ ቄስና የልጆቻቸው አስተማሪ ሆነ።

በዚያም ወራት የስዊድን ገበሬ እህሉን ለእንጀራው ብቻ አያውለውም፤ አረቄም ያወጣበት ነበር። ሕፃኑም ሽማግሌውም ከጠላው ይልቅ ከአረቄው ጋር ያደገ በመሆኑ፣ መጠጥ ተዉ የሚል ቄስ በመጣ ጊዜ ባለ ማውጫውም ጠጪውም ተቆጣ። ኤስብዮርን ግን መንደር ለመንደር እየዞረ አረቄን ያወግዝ ነበር። ከዚህም በላይ «አንባቢዎች» ከሚባሉት ወገን ነው። ሰዎቹን እንዲህ ያላቸው ጎረቤት ነው፤ ማታ ማታ በየቤታቸው ተሰብስበው መጽሐፍ ቅዱስና የሉተርን ድርሰት ስለሚያነቡ ስሙ ለስድብ ወጣላቸው፤ እነሱ ግን አልጠሉትም። በ1726 የወጣው ሕግ ከደብሩ ቄስ አመራር ውጭ በቤት ተሰብስቦ መጸለይን ይከለክል ነበር፤ ሕጉም የተሻረው በ1858 ነው። እንግዲህ መቶ ሠላሳ ዓመት ያህል አንድ ስዊድናዊ ገበሬ ጎረቤቱን ጠርቶ መዝሙረ ዳዊት ቢያነብ መቀጫ ይጠብቀው ነበር ማለት ነው።

ከእነዚህ አንባቢዎች መካከል የተነሣው መንፈስ ወደ እኛም አገር ጫፍ ደርሷል። ካርል ኡሎፍ ሮሴኒየስ የተባለው ሰባኪና ባልንጀሮቹ በ1856 የወንጌል ማኅበር አቋቋሙ፤ የማኅበሩም መልእክተኞች በ1866 ምጽዋ ገቡ። በባርነት ተሽጦ ነፃ የወጣው ሂካ፣ በኋላ ኦኔሲሞስ ነሲብ የተባለው፣ በ1870 የተሰጠው ለእነሱ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አሳትሞ ያበቃው ይኸው ሰው ነው። ይህ ሌላ ትልቅ ታሪክ ስለሆነ እዚህ ላይ ትተን ወደ ኤስብዮርን እንመለስ።

በ1849 የኤስብዮርን ልብ ወደ አሜሪካ አዘነበለ። በአገሩ ሹመት አልተሳካለትም፤ ምእመናኑም መሬት አጥተው ወደ ማዶ ይመለከቱ ጀመር። ስዊድናውያን ይህን የመሰደድ ጉጉት «የአሜሪካ ትኩሳት» ይሉት ነበር። ቄሱም ከነቤተሰቡ ሆኖ፣ 146 ሰዎች ከያቭሌ ወደብ «ኮብደን» በተባለች መርከብ ተሳፈሩ፤ ጊዜውም የሰኔ ወር መጨረሻ ነበር። ኒው ዮርክ የደረሱት ከሁለት ወር በላይ ባሕር ላይ ቆይተው ነው። የመንገዱን መከራ ለመናገር አንድ ነገር ይበቃል፦ ኤስብዮርን ከቤቱ ይዟቸው ከወጣ ልጆቹ ሁለቱን በጉዞው ላይ ቀበረ።

መርከቧ ኒው ዮርክ ስትደርስ ኡሎፍ ሔድስትሮም የሚባል ስዊድናዊ የሜቶዲስት ሰባኪ ይጠብቃል። ይህ ሰው ወደብ ላይ በቆመች አሮጌ መርከብ ቤተ ጸሎት ከፍቶ፣ ከሰሜን የሚመጣውን ስደተኛ ይቀበል፣ ያበላ፣ መንገድም ያሳይ ነበር። ወንድሙ ዮናስ ደግሞ ኢሊኖይ ውስጥ ይሰብካል። አንዱ ከበሩ ይቀበላል፣ ሌላው ከጓዳው ያስተናግዳል፤ ሉተራዊ ሆኖ ከስዊድን የወጣ ብዙ ሰው በዚህ መንገድ ሜቶዲስት ሆነ። ሌላም ነበረ። ኤሪክ ያንሶን የተባለው፣ በሔልሲንግላንድ የሉተርን መጻሕፍት በአደባባይ ያቃጠለው፣ ራሱን የእግዚአብሔር መልእክተኛ ያደረገ ገበሬ በ1846 ተከታዮቹን ይዞ መጥቶ እዚያው ኢሊኖይ ውስጥ በሔንሪ አውራጃ ቢሾፕ ሂል የምትባል የጋራ ሰፈር መሥርቶ ነበር። ኤስብዮርን ሊሄድባት ያሰባት አንዶቨርም በዚያው አውራጃ ናት። ከአገሩ የሸሸው ጠብ ቀድሞት ደርሶ ጎረቤት ሆኖ ጠበቀው።

ይህም ሁሉ ሳያንስ ቄሱ ቺካጎ ሲደርስ በኮሌራ ታመመ። ሌሎቹ ትተውት አለፉ። ድኖ ተነሥቶ አንዶቨር ሲገባ ከተሳፈሩት መካከል ብዙዎቹ በዮናስ ሔድስትሮም ስብከት ሥር ሆነው አገኛቸው። እረኛው ከመንጋው ኋላ ደረሰ።

አንዶቨር ያን ጊዜ ከተማ አትባልም። ቀድመው የመጡ አሜሪካውያን ፕሬስቢቴሪያን በ1835 የመሠረቷት፣ ዙሪያዋ ሣር ብቻ የሆነ ሜዳ ነበረች። አፈሩ ጥቁርና ወፍራም ነው፤ ዛፍ ግን በወንዝ ዳር ካልሆነ አይገኝም። ከጥድ ጫካ ለመጣ ስዊድናዊ ይህ እንግዳ ነገር ነበር፤ አገሩ ላይ እንጨት ሞልቶት መሬት ያጣ ሰው፣ እዚህ መሬት ሞልቶ እንጨት አጣ። የእንጨቱን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ ኋላ ይመለስበታል።

ኤስብዮርን መተዳደሪያ ስላልነበረው ለአሜሪካውያን የአገር ውስጥ ሚሲዮን ማኅበር ደብዳቤ ጻፈ። ማኅበሩ የኮንግረጋሲዮናል እንጂ የሉተራን አይደለም፤ ጥቂት የዓመት ድጎማ ፈቀደለት፤ ነገር ግን አባል አድርጎ የሚቀበለው የልብ መለወጥ ምልክት ያሳየውን ብቻ እንዲሆን ጠየቀው። በስዊድን ግን የተወለደ ሁሉ ተጠምቆ የደብሩ አባል ይሆናል፤ ምልክት አሳይ የሚለው የለም። ቄሱ ራሱ ለአንባቢዎቹ ስለሚያደላ ነገሩ ብዙም አልከበደው ይሆናል። ቢሆንም በሉተራውያን ዘንድ ይህ ኋላ ብዙ አነጋግሯል።

መጋቢት 18 ቀን 1850 በአንድ ቤት ተሰበሰቡ። ማኅበረ ምእመናኑን በፊርማቸው የመሠረቱት አሥር ሰዎች ነበሩ፤ ቄሱና ሚስቱ ጭምር። አሥር ሰው ለእድር እንኳ ያንሳል። ከሁለት ወር በኋላ ያንሶን ካምብሪጅ በምትባለው የአውራጃው ከተማ ፍርድ ቤት ውስጥ በጥይት ተገደለ፤ የገደለውም የዘመዱን ልጅ አግብቶ የነበረና ሚስቴን ከለከለኝ የሚል ሰው ነው። ኤስብዮርን ግን በፈረስ እየዞረ በሞሊንና በጌልስበርግም ማኅበራትን ተከለ።

ጸሎት በየሰው ቤት መሆኑ ስላልበቃ፣ ቄሱ በ1851 ገንዘብ ሊለምን ወደ ምሥራቅ ሄደ። በዚያው ሰሞን አሜሪካ በአንዲት ስዊድናዊት ፍቅር አብዳ ነበር። ጄኒ ሊንድ፣ በስቶክሆልም የተወለደችው፣ «የስዊድን ናይቲንጌል» የተባለችው ዘፋኝ፣ በ1850 መጸው ላይ በፒ. ቲ. ባርነም ጥሪ መጥታ አዳራሽ ታጨናንቅ ነበር። ባርነም ለአንድ ምሽት 1,000 ዶላር ሊከፍላት ተዋውሎ ነበር። እርሷም ከምታገኘው ብዙውን ለበጎ አድራጎት ትሰጥ ነበር፤ ስለዚህ የሚለምናት ሰው በየከተማው ሰልፍ ነው። ኤስብዮርን ቦስተን ላይ አገኛት፤ በሜዳ መካከል ስላለው መንጋ ነገራት። 1,500 ዶላር ሰጠችው። ቄሱ ከዚያ ጉዞ ይዞ የተመለሰው ሁሉ ሲደመር 2,200 ዶላር ያህል ነበር፤ እንግዲህ ከሦስቱ ሁለቱ እጅ የአንዲት ዘፋኝ ነው። በስዊድን ሳሉ ቲያትርና ዳንስ ኃጢአት ነው ሲሉ የነበሩ አንባቢዎች፣ ቤተ ክርስቲያናቸውን በኦፔራ ገንዘብ ሠሩ። ይህን ለማሾፍ አይደለም የምንጽፈው፤ ቤተ ጸሎቷን ራሳቸው በጄኒ ሊንድ ስም ስለሚጠሩ ነው።

ሥራው ተጀመረ። ጡቡን እዚያው አፈር አውጥተው ጠበሱ። እንጨቱ በመጋዝ ተሰንጥቆ ከወንዝ ዳር ተከምሮ ሳለ ጎርፍ መጥቶ ጠረገው። እንደገና እንጨት ፈለጉ። የምድር ቤቱ ብቻ ሲያልቅ ጣራው ሳይወጣ ገብተው ይጸልዩ ጀመር።

በ1852 እና ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በመርከብም በባቡርም ስደተኛ እየጎረፈ፣ ኮሌራም አብሮት ይመጣ ነበር። የሚያሳድር ቤት ስለሌለ አዲስ መጤዎቹ የቤተ ጸሎቷ ምድር ቤት ውስጥ ተኙ። ቀጥሎም ያ ምድር ቤት የበሽተኞች ማቆያ ሆነ። ቀን የሚጸለይበት ወለል ላይ ማታ ሰው ያጣጥራል። የቄሱ ሚስት አማሊያም በ1852 አረፈች። ሙታኑ ሲበዙ ለሬሳ ሣጥን የሚሆን ሳንቃ ጠፋ። ከዚህ ቀደም ለደወሉ ግንብ ተብሎ የተለየ እንጨት ነበረ፤ እሱን አንሥተው ሣጥን ሠሩበት። ከሞቱት ብዙዎቹ ከቤተ ጸሎቷ አጠገብ ስም ሳይጻፍባቸው ተቀብረዋል። ግንቡም ሳይሠራ ቀረ።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1854 ቤተ ጸሎቷ ተባረከች። ጡብ የሆነች፣ ፊቷ ሦስት ማዕዘን የሆነ፣ ደወል የሌላት ቤት። ስዊድናውያን በገና ንጋት ጨለማ ሳይገፍ «ዩሎታ» የሚሉትን ጸሎት ያደርጋሉ፤ ሰው ሁሉ ችቦና ሻማ ይዞ በበረዶ ይመጣል፤ በእኛ አገር ለገና ሌሊቱን ቆሞ የሚያድር ሰው ነገሩን ያውቀዋል። የአንዶቨር ሰዎች ግን ጎረቤቱን የሚቀሰቅስ ደወል አልነበራቸውም፤ ሰዓቱን በየቤታቸው ቆጥረው ይመጡ ነበር።

በእነዚያ ዓመታት ከስዊድን ሌሎች ቄሶችም መጡ። በ1852 ቱቬ ኒልስ ሃሴልክዊስት በጌልስበርግ ተቀመጠ፤ በ1855 መጀመሪያም «ሔምላንዴት» የተባለ የስዊድንኛ ጋዜጣ አወጣ። በ1853 ኤርላንድ ካርልሶን ቺካጎ ገባ። ኤስብዮርን ራሱ በ1858 ስፕሪንግፊልድ በሚገኝ የሉተራውያን ኮሌጅ የስካንዲናቪያ መምህር ሆኖ ሄደ፤ በአንዶቨርም ዮናስ ስቬንሶን ተተካ።

ከኮሌጁ ግን ጠብ ተነሣ። አሜሪካውያን ሉተራውያን በ1530 የተጻፈውን የአውግስበርግ የእምነት መግለጫ እንደ ልብ ማላላት ጀምረው ነበር፤ ስዊድናውያኑ ደግሞ አንድ ቃል አይነካም የሚሉ ናቸው። በ1860 የጸደይ ወራት ኤስብዮርን ተማሪዎቹን አስከትሎ ስፕሪንግፊልድን ለቆ ወጣ። በዚያው ዓመት ሰኔ 5 ቀን ዊስኮንሲን ውስጥ ጄፈርሰን ፕሬሪ በምትባል ቦታ ስዊድናውያንና ኖርዌጃውያን ተሰብስበው የራሳቸውን ሲኖዶስ አቆሙ፤ ስሙንም ከዚያው መግለጫ ወስደው «አውጉስታና» አሉት። ሃሴልክዊስት ፕሬዚዳንት፣ ኤስብዮርን ደግሞ ቺካጎ ላይ የሚከፈተው የቄሶች ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆነ። ከዚያም ስዊድን ሄዶ ለትምህርት ቤቱ ለመነ፤ ንጉሥ ካርል አሥራ አምስተኛ 5,000 ያህል መጻሕፍት ሰጡ። ኤስብዮርን ግን በ1863 አሜሪካን ትቶ አገሩ ገባ። ኦስተርቮላ በምትባል ደብር ተሹሞ በ1870 አረፈ። አሜሪካ አሥራ አራት ዓመት ያህል ነው የቆየው።

አንዶቨር ግን በዛች። በ1860ዎቹ መጨረሻ በስዊድን ሰብል ጠፍቶ ረኃብ ሲገባ ሰው በብዛት ፈለሰ። ትንሿ ቤተ ጸሎት አልበቃ አለች፤ ከአጠገቧ ትልቅ ባለ ግንብ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። የዮናስ ስቬንሶን ልጅ ካርልም አንዶቨር ውስጥ በቄስ ቤት አደገ። በ1879፣ ገና 22 ዓመቱ ሳለ፣ ካንሳስ ውስጥ ሊንድስቦርግ በሚባል ሌላ የስዊድናውያን መንደር ቄስ ሆነ። እዚያም በ1881 ኮሌጅ ከፈተ፤ ትምህርቱ የተጀመረው አሥር ተማሪ ይዞ በቤተ ክርስቲያኑ ጓዳ ነው። በ1882 ጸደይ ደግሞ ሚስቱ አልማ ገበሬዎቹን አሰልጥና የሃንዴልን «መሲሕ» አዘመረቻቸው። ቃሉ እንግሊዝኛ ነበር፤ ከዘማሪዎቹ ብዙዎቹ እንግሊዝኛ በቅጡ አያውቁም ነበርና ቃሉን በጆሮ ለቅመው ያዙት። ይህ «መሲሕ» በየዓመቱ በፋሲካ ሰሞን እስከ ዛሬ ይዘመራል።

ቋንቋው ግን አልቆየም። ከ1ኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ልጆቹ ስብከቱን በእንግሊዝኛ ካልሆነ አንሰማም አሉ፤ ስዊድንኛው መጀመሪያ ወደ አያቶች ጸሎት፣ ቀጥሎ ወደ ገና ንጋት፣ በመጨረሻም ወደ መቃብር ድንጋይ ተሸሸገ። የአውጉስታና ሲኖዶስም በ1962 ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ ስሙ ቀረ።

ትንሿ ቤተ ጸሎት አልፈረሰችም። ትልቁ ቤት ከተሠራ በኋላም ጠገኗት፤ በአገሩ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብም ገባች፤ ጎብኚ ሲመጣ ይከፈትለታል። ጥገናው ሲደረግ የጎደለው ሁሉ ተሞላ፤ ግንቡን ግን ማንም አልሠራላትም።